ድምፄን የዘጋው ቃር

ለውድ እታለሜ ለትርንጎ፣

እንደምን ከርመሻል? ቤቱ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ ሁሉ እንደምን ሰነበቱ? ያ የጉልበትሽ ሕመም ሻል አለልሽ ወይስ አሁንም ዳገት ስትወጪ ይይዝሻል? እኔና ባለቤቴ ሕይወት እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። መዳኔን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹ ስለሚቀር በወረቀት አድርጌዋለሁ። ልጅሽ ሚስጥር ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ሕመሙ የጀመረኝ አንቺ ከማወቅሽ በፊት ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ በልቼ ጋደም ስል ደረቴ መሐል እሳት ይነድብኛል፤ ኮምጣጣ ውኃም እስከ ጉሮሮዬ ይወጣል። ጠዋት ስነሣ ድምፄ ይሻክራል። ድምፅ ይከፍታል ብዬ ወፍራም ቡና በላይ በላዩ ጠጣሁ፣ ዝንጅብልም ቀቀልሁ፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ለማንም አልተናገርሁም። አባታችን አውድማ ላይ ደረቱን ይዞ እንደወደቀ ታውቂያለሽ፤ እኔም ልቤ ነው ብዬ ነበር የፈራሁ። ደግሞስ መሪጌታ ድምፁ ሄደ ከተባለ ምን ይቀረዋል?

የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት፣ ከነጋ በኋላ፣ ዜማውን እየመራሁ ሳለ ድምፄ ከመሐል ተቆረጠ። አፌን ብከፍት ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ለብዙ ዓመት አብሮኝ ያገለገለው ገብረ ኢየሱስ ካቆምሁበት ተቀብሎ ቀጠለ፤ ከሕዝቡ ያወቀ የለም። ላመሰግነው ሲገባኝ ቦታዬን ሊወስድ ነው ብዬ ተቀየምሁት።

የደወልሁልሽ በዚያው ሳምንት ነው። ሁሉንም ስነግርሽ ያልሽኝን አልረሳውም። «አባታችን ለማንም ሳይናገር ሞተ። አንተ ለእኔ ተናግረሃል፤ አሁን ደግሞ ለሐኪም ተናገር። አልሄድም ካልህ ነገ በመጀመሪያው ማኪና መጥቼ እወስድሃለሁ።» በዚያ ጉልበትሽ ያን ሁሉ መንገድ ስትመጪ ታየኝና አፈርሁ። በማግሥቱ ሄድሁ።

መጀመሪያ ልቤን መረመሩኝ። ውጤቱን እስኪነግሩኝ ዳዊት ስደግም ቆየሁ፤ የትኛውን መዝሙር እንደደገምሁ ግን አላውቅም። ዶክተር ጸሎት የምትባል ሐኪም ልቤ ጤነኛ መሆኑን ነገረችኝ። መምጣቴም ሸጋ ነው፣ ደረት ሲያም ልብ ይሁን ሌላ ቤት ተቀምጦ በግምት አይለይም አለች። ከዚያ ስንት ሰዓት እንደምበላ፣ ምን ያህል እንደምበላ፣ በልቼ መቼ እንደምተኛ ጠየቀችኝ። ቀኑን ጾሜ እንደምውል፣ ማታ በርበሬ የበዛበት ሽሮ እስክጠግብ በልቼ፣ ለአገልግሎት መነሣት ስላለብኝ ወዲያው እንደምተኛ ነገርኋት። እሷም አስረዳችኝ። ከጨጓራ በላይ እንደ በር የሚዘጋ ጡንቻ አለ፤ እሱ ሲላላ አሲዱ ሽቅብ ይመለሳል። ደረትን ሲያቃጥል ቃር የምንለው ነው፤ እስከ ጉሮሮ ሲዘልቅ ድምፅን ያሻክራል። ጠግበው ሲተኙ ደግሞ ይብሳል። «ድምፅዎ አልጠፋም፤ ተቃጥሎ ነው» አለችኝ። እታለሜ፣ ሰው ፊት እንዳላለቅስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ምግብ ከመቅመሴ ግማሽ ሰዓት በፊት የምውጠው ክኒን ለዐሥራ ሁለት ሳምንት አዘዘችልኝ። እራቴን ከመኝታዬ ሦስት ሰዓት ቀደም ብዬ፣ ያውም ጥቂት እንድበላ፣ ቡናና በርበሬ እንድቀንስ፣ በግራ ጎኔ እንድተኛ መከረችኝ። የአልጋው ራስጌም ከፍ ይበል ስላለች ሕይወት ከጎረቤት ሁለት ብሎኬት ለምና ከአልጋው እግር ሥር አስገባች። በመጀመሪያው ሳምንት እየተንሸራተትሁ ግርጌ እገኝ ነበር፤ እስካሁን ትስቅብኛለች። ግን ያለ በርበሬ እህል የማይወርድላት ሴት ከእኔ ጋር አልጫ ስትበላ ከረመች።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ጨነቀኝ። ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ገብርኤል ሁሉንም ነገርኋቸው። ክኒኑን በሰዓቱ እንድውጥ፣ የጾሙንም ምግብ ሳልቆይ ጥቂት ጥቂት እንድቀምስ ፈቀዱልኝ። የተሰጠህን ድምፅ መጠበቅም አገልግሎት ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ልቤ ዐረፈ።

ቃጠሎው ክኒኑን በጀመርሁ በሦስተኛው ሳምንት ተወኝ፤ ድምፄ ግን ዘገየ። የማይመለስ መስሎኝ ተስፋ የቆረጥሁበት ቀን ብዙ ነው። የሆሣዕና ዕለት ጠዋት ስገባ ገብረ ኢየሱስ ዜማውን እንድጀምር ምልክት ሰጠኝ። ጀመርሁ፤ እስከ መጨረሻውም አደረስሁት። ከፍ ሲል ትንሽ ይጎረብጣል፤ ቢሆንም የራሴው ድምፅ ነው። ስንወጣ ስለ ቅያሜዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ቦታህን ጠበቅሁልህ እንጂ አልተመኘሁትም» አለኝ።

ባለቤትሽን አያ በላቸውን አጥብቀሽ ሰላም በይልኝ። ቃር በያዘው ቁጥር ሶዳ በጥብጦ እንደሚጠጣ ሰምቻለሁ፤ ቢመረመር ይሻለዋል። ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው ከሆነ፣ ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ደም ካስመለሰው ወይም ሰገራው ከጠቆረ ግን አንድ ቀን እንኳ አትቆዩ። ሚስጥርን ስለ ንባቧ ሳሚልኝ። ለልጅሽ ለወንዴ በትምህርቱ እንዲበረታ ንገሪልኝ። ጎረቤትሽን እማማ እንኳየሁን እጅ ንሺልኝ። ሕይወትም ሁላችሁንም እንደምን ናችሁ ትላለች።

አንቺን በምን ቃል እንደማመሰግንሽ አላውቅም። ድምፄ በታመመ ጊዜ ስምሽን በጸሎት የማነሣው በልቤ ነበር፤ አሁን ግን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ።

ወንድምሽ
መሪጌታ ዕንባቆም

ጎንደር፣ ግንቦት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.