ሦስት ሻጭ፣ አንድ የሐጂ ቤት

ሰኞ

ቦሌ ቢሮ ያላቸው ተፎካካሪዎቻችን፣ ቦሌዎቹ፣ ቀደሙን። ጠዋት ሱፍ ለብሰው፣ ትልቅ ስክሪን አሸክመው ሐጂ ሸምሱ ሱቅ ገብተዋል አሉ። "አሉ" እላለሁ እንጂ ሶማሌ ተራ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ያሳፍራል፤ ግን ቆምኩ።

ከነሱ በፊት ደመናዎቹ ነበሩ። እንዲህ የምንላቸው "ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ" ስለሚሉ ነው። ሦስተኛዎቹ እኛ ነን፤ እኔና ኤልያስ፣ መሳለሚያ ባለች አንድ ክፍል ቢሮ፣ ነጻ ሶፍትዌር አስተካክለን የምንተክል። የምንሸጠው ያው ነው። የሠራተኛው ሁሉ ስም አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ሰው በአንድ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል የሱቁንም የመጋዘኑንም ኮምፒውተር ይከፍታል፣ ማን ምን እንደሚያይ እዚያው ይወሰናል። ይህን ለሐጂ ሳብራራ "ዘበኛ ነው በይኛ!" አሉኝ። ከኔ ማብራሪያ ይሻላል።

ጭንቀቶቼ፦ ቦሌዎቹ የታወቀ የውጭ ሶፍትዌር ወኪል ናቸው። ደመናዎቹ የመጀመሪያውን ዓመት በነጻ እንሰጣለን ይላሉ። ኤልያስ ሰሞኑን ስልክ ሲደወልለት ወደ ደረጃው ወጥቶ ያወራል።

ማክሰኞ

ደዋዮቹ ቦሌዎቹ ናቸው። ራሱ ነገረኝ። ሥራ እንስጥህ ብለውታል፤ እስከ ቅዳሜ መልስ ይፈልጋሉ። "የሐጂን ሥራ ካገኘን የትም አልሄድም" አለኝ። ካላገኘንስ? አልጠየቅኩትም። እኔ ደንበኛ ማሳመን እችላለሁ፤ ሰርቨር ሲሞት የሚያስነሳው ግን እሱ ነው። ያለ ኤልያስ ይህ ቢሮ አይቆምም።

ደንበኛ መሻማት ያለ ነው። ሰው መንጠቅ ምን ይሉታል?

ከሰዓት አሠራራቸውን ለማየት ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ብርድ ልብስና አንሶላ በጅምላ የሚያከፋፍል ቤት ነው። ኮምፒውተሩ ሁሉ የሚከፈተው በነጃት ስም ነው። ነጃት ሒሳቡን የምትይዘው የሐጂ ትልቋ ልጅ ናት። መጋዘኑን የሚመራው ወንድሟ ከድር በእሷ ስም ይገባል፤ የሱቁ ሠራተኞችም እንዲሁ። ለምን ስለው ገረመው። "እህቴ ናት እኮ! ከእህቴ ምን እቆልፋለሁ?"

ሰማሁት፤ ግን ልብ አላልኩትም።

ረቡዕ

ሶፍትዌራችንን የማሳየት ተራው የኛ ነበር። አበላሸሁት።

ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን መልእክቶች ሁሉ ወደ አማርኛ መልሰናቸው ነበር፤ የሌሎቹ በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ እንበልጣለን ብዬ ኮራ ብያለሁ። በከድር ስም ገባሁና የነጃትን ሒሳብ ለመክፈት ሞከርኩ። ስክሪኑ በቀይ ጻፈ፦ "ከድር ሸምሱ፣ ይህን ማየት አልተፈቀደልዎትም።"

ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉ። ጮክ ብለው አነበቡት። "ልጄን? በገዛ ቤቱ?" አሉ። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ከድር አቀረቀረ።

ቦሌዎቹም ደመናዎቹም ያንኑ አሳይተዋል! በእንግሊዝኛ ስለነበር ማንም ልብ አላለው። እኔ ግን ስድቡን በአማርኛ ይዤ መጣሁ።

ኤልያስ ታክሲ ውስጥ ስልኩን ብቻ ሲነካካ መጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

ነጃት ደወለች። ምን አለሽ ተራ አጠገብ ያለ ጁስ ቤት ቀጠረችኝ። የቆርቆሮው ቅጥቀጣ ጆሮ ያደነቁራል፤ የመረጠችውም ለዚሁ ነው።

"ሂሩትዬ፣ እኔ የራሴን ስም እፈልጋለሁ" አለችኝ። ለቅሶ በሄደችበት ቀን አንድ ሰው በስሟ ገብቶ የትልቅ ደንበኛ ትእዛዝ ሰርዟል። ደንበኛው አኩርፎ ቀረ። ኮምፒውተሩ ደግሞ "ነጃት" ይላል። "እኔ አይደለሁም ብል፣ ታዲያ ማነው ሊባል ነው። ወንድሜን ልክሰስ? ዝም ብዬ ተቀበልኩት።" ለአባቷ እንዳልናገር አስማለችኝ።

የማሸንፍበትን ነገር አግኝቼ አፌ ተለጎመ። ምን ዓይነት ዕድል ነው!

ቢሮ ተመልሼ ኤልያስን ለመንኩት። ያ ቀይ መልእክት ይጥፋ፤ እያንዳንዱ ሲገባ የራሱ ሥራ ብቻ ይምጣለት፣ የተዘጋ ነገር እንዳለ እንኳ አይታይ። ሠራው። የወትሮው ቀልዱ ግን የለም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ተቀበሉኝ። "ይቅርታ ሐጂ፣ ከድርን በሰው ፊት አሳፈርኩት" አልኩ። "ለእሱ ንገሪው" አሉኝ። ነገርኩት። ሳቀ፤ ተመስገን።

ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ "ቁልፍ ልሸጥልዎ አልመጣሁም። አሁን ከድር መጋዘኑን ቀጥ አድርጎ ሲይዝ ልፋቱ የሚጻፈው በነጃት ስም ነው። የሰው ልፋት በራሱ ስም ይጻፍለት።" ነጃት ጥግ ላይ ሒሳብ እየሠራች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ከድር በራሱ ስም ገባ። መጋዘኑ ብቻ መጣለት። "የኔ ነው!" አለ፣ ደስ ብሎት። ሐጂ ግን "ሌሎቹም ይምጡና ይህን ያሳዩኝ፤ ነገ እነግርሻለሁ" አሉ። ነጋዴ ናቸው፣ ምን ይደረግ። የሌሎቹ ሶፍትዌርም ይህን ይችላል።

ቅዳሜ

አገኘነው! ሐጂ ራሳቸው ደወሉ። ደመናዎቹ ሊያሳዩ ሲሉ ኔትወርክ ጠፋ። ቦሌዎቹ ደግሞ ለማስተካከል ውጭ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንጠብቅ ብለዋቸዋል። "ለቤቴ ዘበኛ ስቀጥር የማንን ፈቃድ ነው የምጠብቀው?" አሉ ሐጂ።

ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ኤልያስ ጠረጴዛውን እያጸዳ ነበር። ስነግረው አቀፈኝ፤ ከልቡ ደስ አለው። ከዚያ "ሐሙስ ጠዋት እሺ ብያቸዋለሁ" አለኝ። ያን ቀይ መልእክት ያጠፋልኝ እሺ ካላቸው በኋላ ነው ማለት ነው። "አበቃልን ብዬ ነው፣ ሂሩትዬ። አሁን ቃሌን ማጠፍ አልችልም።" ሰኞ ይጀምራል።

አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው። ለሐጂ ማን እንደሚተክልላቸው አላውቅም።

ለደንበኛ ሁሉ የምሰጠው ምክር አለ፦ ሠራተኛ የለቀቀ ዕለት ስሙን ዝጉ፣ አታሳድሩት፤ ወደ ተፎካካሪ ከሄደማ በዚያችው ሰዓት። አመሻሽ ላይ የራሳችንን ሠራተኞች የስም ማውጫ ከፈትኩ። ሁለት ስም ነው ያለው። የኤልያስ ስም ሁሉንም በር ይከፍታል፣ የደንበኞቻችንንም ጭምር። እጄ የስሙ መዝጊያ ላይ ደርሶ ቆመ።

ይደር።