በወይራ የታጠነው ፒያኖ

ብቸና፣ ኅዳር 16 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ረፋድ

አዳራሹን ጠርጌ ጨረስሁ። የፒያኖውን ክዳን ከፈትሁ። አሁንም ጭስ ጭስ ይላል። በጣት የሚነካው ነጭ ጥርሱ ብጫ ሆኗል፣ ሆዱ ጥቁር። ፈረንጇ መምህርት ለት/ቤቱ ትታው ስትሄድ እንዲህ አልነበረም።

ዳይሬክተሩ ዘበኛውን አያ ታከለን ወንጅሎታል። ክረምቱን አዳራሽ ውስጥ እሳት ሲሞቅ ከርሟል ባይ ነው። ዓርብ ሊያሰናብተው ነው።

ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፣ ደብተሬ። እኔ ነኝ። በነሐሴ ብል ሲርመሰመስበት አየሁ። እንደ ወተት ዕቃ በወይራ አጠንሁት፤ ክዳኑን ዘግቼ፣ ሦስት ቀን ሙሉ። ሌላ ምን አስተምረውኝ ያውቃሉ? ዝም ብያለሁ።

ኅዳር 17፣ ከሰዓት

ዳይሬክተሩ ፒያኖውን እንዲያይለት ያስጠራው ድሬሰር አቶ ሐጎስ ከሞጣ በጭነት መኪና ደረሰ፣ አቧራ ለብሶ። ክሊኒክ ቁስል ያጥባል፤ ልጅነቱን ግን አስመራ፣ ፒያኖ ከሚጠግን ጣሊያን ጋር ነው የሠራው። እንደ በሽተኛ መረመረው። ሽቦዎቹን በነጭ ጥጥ አሸ። ጥጡ ጠቆረ። አሸተተው።

«ይኼ ፒያኖ ነው ወይስ የእርጎ ቅል?» አለ።

መሬት መሬቱን አየሁ።

ሽቦው አልዛገም፣ እንጨቱም አልተሰነጠቀ። ቅባት ያለው ጥላሸት ብቻ። ይድናል አለ! ባልዲዬን ይዤ ብመጣ ጮኸብኝ። ውኃ ከነካው ውስጡ ያለው ሱፍ ያብጣል። መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ።

ኅዳር 18

ጥርሶቹን አንድ በአንድ ነቀልን። ሰማንያ ስምንት። ቦታቸው እንዳይጠፋ ቁጥር ይጻፍባቸው ብሎ እርሳሱን ሰጠኝ። ለኔ! ሟች ባሌ መሪጌታ፣ የሰውን ልጅ ሁሉ ቅኔ ሲያስተምር ኖሮ፣ ለኔ «ሀ»ን አላሳየኝም። ሴት ፊደል ብትቆጥር ወጡ ያርራል ይል ነበር። ያረረውስ አንጀቴ። በሃምሳ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ከጎልማሶች ጋር ፊደል ቆጠርሁ። ዛሬ ሰማንያ ስምንት ቁጥር፣ አንዱም አልተዛነፈ።

አያ ታከለ በበሩ ብቅ አለ። «እትዬ ጥሩነሽ፣ ጥርሱን አርግፋችሁ ቆሎ በምን ሊበላ ነው?»

ከእንጀራው ሊነቀል ሁለት ቀን ቀርቶት ያስቀኛል። ሳቅሁ። ከዚያ አፈርሁ።

ኅዳር 19፣ 10 ሰዓት

ተናገረ! ፒያኖው ተናገረ! አቶ ሐጎስ ሽቦውን ሲያጠብቅ ዋለ፤ ከዚያ በአሥር ጣቱ ወረደበት። አያ ታከለ ዱላውን ጥሎ እስክስታ መታ። እኔም፣ ይኼ ጉልበቴ እያለ፣ ዘለልሁ። ሽታው ጨርሶ አልለቀቀም። ምን ቸገረኝ።

አቶ ሐጎስ ከፒያኖው ሆድ የጠረገውን ብል አሳየኝ። አንድ እፍኝ፣ ሁሉም ሬሳ። ጭሱ ባይደርስ ኖሮ ሱፉ አልቆ ነበር። ያጠነው ሰው አበላሽቶትም አድኖትም ነው አለ፤ ብቻ እንዳይደግመው። ዓይኑ እኔ ላይ። ያውቃል።

ዳይሬክተሩም በዜማው ተደሰተ፣ አጨበጨበ። ታከለ ግን ነገ ይሄዳል አለ። ጣራውን ሊያነድብን ነበር አለ።

ወረቀት አወጣሁ። እስከ ዛሬ በስሜ የገባ ማመልከቻ ሁሉ የሰው እጅ ነው፤ የኔ አውራ ጣቴ ብቻ። ይኼን ራሴ እጽፈዋለሁ። ወይራውን ያጨስሁት እኔ ነኝ፣ አያ ታከለ ክብሪት አልጫረም። ከታች ስሜን፣ በሙሉ። ጣቴን ቀለም አላስነካውም።