የፖሊስ ትምህርት ሊጀምሩ አንድ ወር የቀራቸው የወይዘሮ ደሚቱ ገመዳ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ደሚቱ ከአባታቸው ከመምህር ገመዳ ጉልላት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉመቤት ብርሃነ ሥላሴ በጥር ወር 1957 ዓ.ም. በነቀምቴ ከተማ ተወለዱ። ገና ሠላሳ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ስማቸውን «ነበሩ» ከሚል ቃል ጋር ለመጻፍ ተገደድን።

እዚያው ነቀምቴ ተምረው በ1975 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አጠናቀቁ። ይህ ዓመተ ምሕረት በኋላ ብዙ ጣጣ ስላመጣ አንባቢ ልብ ይበልልን።

እ.ኤ.አ. በ1988 ታላቅ ወንድማቸው ሽፈራው ወዳለበት ወደ ስቶክሆልም መጡ። ቋንቋውን ተምረው ሶልና በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ተቀጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ከአቶ ፍፁም ጋር በቤተ ክርስቲያን ቃል ኪዳን ተጋብተው በዓመቱ ሴት ልጃቸውን ኢየሩሳሌምን ወለዱ።

ደሚቱ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲያዩ መንገድ የሚቀይሩ ሰው ነበሩ፤ ያደጉበት ዘመን ያስተማራቸው ይህንኑ ነው። ነፍሰ ጡር ሳሉ የመኖሪያ ፈቃድ ሊያሳድሱ ፖሊስ ጣቢያ ቢሄዱ ግን አንዲት ሴት ፖሊስ ብድግ ብላ የራሷን ወንበር ለቀቀችላቸው። ቤት ገብተው እኔም ፖሊስ እሆናለሁ ሲሉ ቤተሰቡ በሙሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ለፖሊስነት የሚጠየቀውን አንድ በአንድ ማሟላት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ዜግነት አገኙ፤ መንጃ ፈቃድ አወጡ፤ ውኃ የሚፈሩት ሴትዮ ዋና ተማሩ። የቀረው የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ብቻ ነበር። በአስተርጓሚነት የሚተዳደረው ሽፈራው ወረቀቱን ተርጉሞ ማኅተሙን መታበት። ዓመቱን ግን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መመለስ ዘነጋና 1975ን እንዳለ ጻፈው። የፖሊስ ትምህርት ቤቱ መርማሪዎች ሲያሰሉት እ.ኤ.አ. በ1965 የተወለዱት ደሚቱ በአሥር ዓመታቸው አሥራ ሁለተኛን ጨርሰዋል። ማስረጃው አያስተማምንም ተብሎ ተመለሰ።

ሽፈራው ግልባጩን አውጥቶ ሲያይ ክው አለ። የአስተርጓሚነት ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብሎ ፈርቶ፣ የእኛን አገር ትምህርት እነዚህ ሰዎች አይቀበሉም ብሎ ዋሻቸው። ደሚቱም እሺ ብለው ኮምቩክስ በሚባለው የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገቡ። ቀን አረጋውያንን እያነሡና እያጠቡ፣ ማታ ስዊድንኛ፣ ታሪክና የኅብረተሰብ ትምህርት እያጠኑ ሦስት ዓመት ሙሉ ለፉ። አነጋገራቸውን የምታርመው ልጃቸው ነበረች። ሁሉንም አለፉ፤ የጤና ምርመራውንም ሩጫውንም አለፉ። የፖሊስ ትምህርቱ የሚጀመረው ጥር 4 ቀን 1990 ዓ.ም. ነበር።

ዓርብ ታኅሣሥ 3 ቀን 1990 ዓ.ም. ጠዋት፣ ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ ሶለንቱና ባቡር ጣቢያ ላይ ወደቁ። የራስ ደም ሥራቸው ፈንድቶ ነው ተባለ፤ ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብለው አያውቁም። ፍፁም ደውሎ ሲነግረው ሽፈራው ተሳስተሃል ብሎ ስልኩን ዘጋበት።

ሽፈራው ጥፋቱን በምረቃቸው ዕለት ሊነግራቸው ቆርጦ ነበር። በለቅሶው በሦስተኛው ቀን አላስችል ብሎት ለፍፁም ተናዘዘ።  ፍፁም ግን ደሚቱ ገና ማስረጃው የተመለሰ ዕለት ስህተቱን አይተው እንደነበር ነገረው። በአንድ ደብዳቤ ማስተካከል ይችሉ ነበር። ነገር ግን ማኅተሙን ከነጠቁት ልጆቹን በምን ያሳድጋል፣ እኔ እንደ ገና ብማር ምን እሆናለሁ ብለው ለማንም እንዳይናገር ባለቤታቸውን ቃል አስገብተውታል።

ወይዘሮ ደሚቱ ባለቤታቸውንና የስድስት ዓመት ልጃቸውን ትተው አልፈዋል። እናታቸው ወይዘሮ ሙሉመቤት ነቀምቴ ናቸው፤ መርዶው ገና አልተነገራቸውም። ይህን ታሪክ የጻፈው ወንድማቸው ሽፈራው ነው። ይቅር በዪኝ የሚልበትን ቀን ለሦስት ዓመት ሲያስተላልፍ፣ እሳቸው ይቅር ብለውት በየማታው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር።

የምሕረት ጌታ ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ ለኢየሩሳሌምም አባትም እናትም ይሁናት። አሜን።