አመድ የነካው ፕላቲነም

ሐምሌ 26 ቀን 2013
ወልድያ ዝናብ። መብራት ግን አልጠፋም... አልሐምዱሊላህ። የፕላቲነም አተሞቹ ዜኦላይት በሚባለው የማዕድን ዱቄት ቀዳዳዎች ውስጥ አንድ በአንድ ተለያይተው ተቀምጠዋል። ፕሮፔን ጋዝ አግለን ስናሳልፍበት ሃይድሮጅኑን ጥሎ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። እስከዚህ ማን ይችለኛል? ከዚያ በኋላ ዱቄቱን ጥቀርሻ ይይዘውና ሥራ ያቆማል። የዜኦላይቱ አሲድ ነው የሚያበላሸው። የላብራቶሪ ባልደረባዬ ሰለሞን፣ "ናጅዋ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይለኛል። አልለቅማ! መላ አገኝለታለሁ።

ነሐሴ 3
ጦርነቱ ቀረበ። ሰው በባጃጅም በእግርም እየወጣ ነው። ከላብራቶሪ አንድ ብልቃጥ ዱቄት ብቻ ያዝኩ። ያለን ፕላቲነም በሙሉ እሱ ውስጥ ነው።

ነሐሴ 4
ግራና ደረስኩ፣ አክስቴ ሀጂራ ቤት። "ይኼ ዱቄት ምንድን ነው?" አሉኝ። ስለ አተም ላስረዳ? ደክሞኛል። "መድኃኒት ነው" አልኩና ተኛሁ።

ጥቅምት 14 ቀን 2014
ከባድ መሣሪያ ሲጮህ ዋለ። ፈራሁ።

ኅዳር 20
ብልቃጡ ባዶ!
"የነቀዝ መድኃኒት መስሎኝ... ከአመድ ጋር ለዘር ማሽላው አደረግሁት።"
"አክስቴ!"
"መድኃኒት ያልሽኝ አንቺ!"
አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ።

ኅዳር 21
ለቅሶው ይብቃ። ዱቄቴ ውሃ አያሟሟው፣ እሳት አያቃጥለው... ምን ያስለቅሰኛል? ዘሩ ያለበትን ቅል ገልብጬ ማሽላውን በሳፋ አጠብኩት። አክስቴ "ካልበቀለ ወላሂ አልለቅሽም!" እያሉ ፀሐይ ላይ አሰጡት። ውሃው ሲጠል ዱቄቱ ከአመዱ ጋር ከታች ቀረ። አደረቅሁት።

ጥር 12 ቀን 2014
ወልድያ ተመለስኩ። ላብራቶሪው ባዶ ግድግዳ ነው። ሰለሞን ደህና ነው፣ ትልቁ ነገር እሱ። ጭቃ የመሰለውን ዱቄት አይቶ ሳቀ። "አዲስ አበባ ወስደሽ ሞክሪው፣ ምን ይቀርብሻል?" አለኝ። እኔስ መቼ ተውኩት?

ሚያዝያ 9
አዲስ አበባ፣ የሰው ላብራቶሪ ውስጥ። ምድጃ ውስጥ አግለን የማሽላውን ብናኝ አቃጠልነው፣ ከዚያ ፕሮፔኑን ለቀቅንበት። አተሞቹ እንደተለያዩ ናቸው። ጥቀርሻውስ? እዚህ ግባ የሚባል አይደለም! ለምን? ደጋግሜ አየሁት... የአመዱ ፖታሲየም ነው። ሳጥበው ዜኦላይቱ ውስጥ ገብቶ አሲዱን አጥፍቶታል። ብቻዬን ሳቅሁ።

ግንቦት 24
አክስቴ ጋ ደወልኩ። ዘሩ በቅሏል፣ ተመስገን፣ ከነገር ተረፍኩ።
"አክስቴ፣ አመድ ላኩልኝ።"
"ያ አላህ! ለአመድ ነው ይኼን ሁሉ ዘመን የተማርሽው?"
"ለእሱ ነው።"
"እሺ፣ ሹፌሩ ምንድን ነው ቢለኝስ?"
"መድኃኒት ነው በሉት።"