ሶኬት ላይ የቀረ ክራር

ሰኞ፣ ጥር 18። ጧት።
ዛሬም አላጠፋሁትም። ከዓርብ ጀምሮ የሙዚቃ ኪቦርዴ እንደበራ ነው። ትንሿ መስኮቷ ላይ ያው ጽሑፍ፦ ባትሪ አልቋል። ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ላለው ሬዲዮ ጠጋኝ ደወልኩ። ባትሪው ከውስጥ የተበየደ ነው፣ ለመቀየር ኪቦርዱ መጥፋት አለበት፣ ከጠፋ ደግሞ ሰው የሠራው ድምፅ ሁሉ ይሄዳል፣ የፋብሪካው ብቻ ይቀራል አለኝ። ማስቀመጫ ካርዱ ድሮ ጠፍቷል። አመስግኜ ዘጋሁ። ምን ስላደረገልኝ እንደሆነ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት።
አንተ ታውቃለህ፣ ማስታወሻዬ፣ ለፋብሪካው ድምፅ አልጨነቅም። ጓደኛዬ ሃፍቶም ከጦርነቱ በፊት፣ እዚሁ ሓድነት ሰፈር፣ ይቺው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ከፋብሪካው ቀዝቃዛ የደወል ድምፅ የሠራው የክራር ድምፅ አለበት። ቀስ ሲሉት ይንሾካሾካል፣ ጫን ሲሉት ይቆጣል። በላፕቶፕ ሙዚቃ የሚሠሩ ልጆች ለአሮጌ ዲጂታል ኪቦርድ የሚያብዱት ወደው አይደለም። በስልክ ቀዳሁት። የተቀዳው አይቆጣም። በድን።

ረቡዕ፣ ማታ።
አምፖሉ ደከም ብሎ ተመለሰ። እስከዛሬ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ያቆይልኝ ነበር። ኪቦርዱን ላለመንቀል የሰርግ ሥራ መለስኩ፣ በጥር! እብድ ነኝ።

ሐሙስ።
አደይ ለተኪሮስ፣ የሃፍቶም እናት፣ መጡ። እሁድ ሴት ልጃቸው ትዳራለች። የወንድሟን ክራር ተጫወትላት አሉ። ሃፍቶም ከጦርነቱ አልተመለሰም፤ አስከሬኑም አልመጣም፣ የደረሳቸው መርዶ ብቻ ነው። እውነቱን ነገርኳቸው። ዳሱ ድረስ ለመውሰድ መንቀል አለብኝ፣ ከነቀልኩት ድምፁ የለም። አሰማኝ አሉ። ተጫወትኩ። ክራር አይመስልም አሉ። ተናደድኩ፣ እሳቸው ላይ! ከዚያ አንዷን ቁልፍ ራሳቸው ጫን አደረጉና ድምፁ እስኪያልቅ ጣታቸውን አላነሱም።

ዓርብ፣ ጧት።
እንቅልፍ የለም። መብራት እንደሆነ አንድ ቀን መጥፋቱ አይቀርም። ምን እየጠበቅኩ ነው? አደይ ደወሉ። ነገ ከሙሽሪት ጋር ይመጣሉ፣ እሷም ትሰማዋለች። ከዚያ ጠጋኙ ባትሪውን ይቀይረው፣ እሁድ በፋብሪካው ድምፅ ተጫወት አሉኝ። እሺ አልኩ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፣ ሶኬቱን እኔ እንዳልነካው። "ወደይ፣ ልጄ፣ እኔ በእጄ ልንቀለው። ያኔ በእጄ አልቀበርኩትም።"

እሺ አልኩ። አሁን የምፈራው መብራት እንዳይቀድማቸው ብቻ ነው።