ስቶኪንጉ የኔ ነው

ናዝሬት፣ ጥቅምት 1975 ዓ.ም.

ውድ ዘርፉ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ ከሐፍረቴ በቀር ደህና ነኝ። መቂ እናትሽ ቤት ሆነሽ ይህን ስታነቢ ሳቅሽ ይመጣ ይሆናል፤ ሳቂ። ከምላጭ ሣጥኔ ያገኘሽው ስቶኪንግ የሌላ ሴት አይደለም። የማጠልቀው እኔው ባልሽ ነኝ።

ቀኑን ሙሉ ቆሜ ፀጉር ሳስተካክል የግራ እግሬ ደም ሥር አብጦና ተጠማዞ ከቆዳዬ በላይ ወጣ። መብራት ሳላጠፋ ሱሪዬን አላወልቅ ያልኩት ለዚህ ነበር። አንቺ ግን ሌላ የለመድኩ መሰለሽ።

የሆስፒታሉ ድሬሰር፣ «ደሙ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚይዙት በሮች ላልተዋል። መቆም ያባብሰዋል፣ በዘርም ይመጣል» አለኝ። እናቴም እንዲህ ነበረች፤ እኛ መጋኛ ነው እንል ነበር። «እግርህን ስቀል፣ የሚያጠብቅ ካልሲ አድርግ» ቢለኝ ከየት ላምጣ? ከፋዲላ ሱቅ ስቶኪንግ ገዛሁ። «ለሚስትህ ነው?» ስትለኝ አዎ አልኳት።

መቀስ ልገዛ ብዬሽ ሻሸመኔ የሄድኩትም ለዚሁ ነው። ከከተማው ዳር ከሰፈሩት ጃማይካውያን አንዷ ሆሚዮፓቲ የሚሉትን ሕክምና ታውቃለች አሉኝ። መድኃኒቱን በውሃ ደጋግማ አቅጥና ጥቃቅን የስኳር ክኒን ላይ አንጠባጥባ ሰጠችኝ። ይጣፍጣል እንጂ እግሬን ምንም አላደረገው። ያለ መቀስ ስመለስ ፊትሽ ሲለወጥ አይቻለሁ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን የተቀመጡበት ቀን ነው። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ኡርጌሳ ስቶኪንጉን በከዘራቸው ጫፍ አንስተው «ጆቴ፣ ይሄ የማን ነው?» ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። «የኔ ነው» ከማለት ሴሰኛ መባል ቀለለኝ። አንቺም በነጠላሽ ተሸፍነሽ እያለቀስሽ ወደ እናትሽ ሄድሽ።

ቅዳሜ አቶ ኡርጌሳ ሊላጩ መጡ። ግማሽ ፊታቸውን ላጭቼ ምላጩን አስቀመጥኩ። ሰው ሁሉ እያየ «ስቶኪንጉ የኔ ነው» ብዬ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩ። እሳቸው አረፋው ፊታቸው ላይ እንዳለ ጎንበስ ብለው አዩና፣

«ዋዮ! ለዚህች ሥር ብለህ ነው የሰው ልጅ ያስለቀስከው?» አሉኝ።

የሳቀም ነበር። ልብስ ሰፊው አብዱናሲር እስካሁን «ጓዲት ጆቴ» ይለኛል። ይበለኝ።

እሁድ ከአቶ ኡርጌሳ ጋር መቂ እመጣለሁ፤ በእናትሽም ፊት ሱሪዬን እሰበስባለሁ። ናዝሬት በሙሉ ያየውን እግር ያላየሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ሚስቴ።

ያፈረብሽ ሳይሆን ያፈረልሽ ባልሽ፣
ጆቴ