ያላሳየኋቸው ሙሉ ሆድ

ሰኞ

ዛሬም የሆቴሉ አስተናጋጅ "ብቻዎን ነዎት?" አለኝ። አዎ፣ ብቻዬን ነኝ፤ ስንቴ ልንገረው!

ሐዋሳ የመጣሁበት፣ እኔ የምሰጠው የአልትራሳውንድ ሥልጠና ተጀመረ። የአየር አምቡላንሱ ሠራተኞች አራት ናቸው፤ ከሁሉም ሲስተር አስቴር ፈጣን ናት። አውሮፕላን ውስጥ በሞተሩ ጩኸት የሐኪም ማዳመጫ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሆድ ውስጥ ደም መፍሰሱን በትንሿ አልትራሳውንድ ማየት አለባቸው። ፈሳሽ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ተራ በተራ እየተኙ ይለማመዳሉ። ሁዳዴ ነው፤ አራቱም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። ባዶ ሆድ ምስሉ እንዴት ያምራል!

ማክሰኞ

እኔ ጴንጤ ነኝ፣ አልጾምም። ፊታቸው መብላት አፍሬ ምሳዬን መኪና ውስጥ ተቆልፌ በላሁ፤ ውሃም ጨለጥኩ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። አገሩ ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቷል፤ እኔ አንድ ለራሴ ነኝ።

ከምሳ በኋላ ለልምምድ እኔ ተኛሁ። አስቴር ግራ ጎኔ ላይ ጥቁር ነገር አይታ "ዶክተር፣ ይኼ ምንድን ነው?" አለች። ጨጓራዬ ውስጥ ያለው ውሃ ነበር። መብላቴ እንዳይታወቅ "እለፊው" አልኳት። ኤጭ!

ረቡዕ

ጠዋት ተደወለ። ጂንካ አካባቢ መኪና ተገልብጦ አንድ ወጣት ጭንቅላቱን ተመቷል። አራቱም በረሩ፤ እኔ ቀረሁ። ሆዱ ውስጥ ደም ካለ ለቀዶ ጥገና እዚህ ሐዋሳ ያወርዱታል፤ ከሌለ በቀጥታ አዲስ አበባ፣ ለጭንቅላቱ።

ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ሳለ ደነገጥኩ። ለተጎዳ ሰው ውሃ ለማጠጣት የማይሮጥ ማን አለ? እነሱ ግን ባዶ ሆድ ብቻ ነው ያዩት። የጨጓራ ውሃ ደም ይመስላቸዋል። በከንቱ እዚህ ካወረዱት ለጭንቅላቱ ሰዓቱ ያልፍበታል። ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ጭንቀቴን የማዋየው ሰው እንኳ የለኝም። ጸለይኩ።

ሐሙስ

አስቴር መጣች። የወጣቱ ግራ ጎን ላይ ጥቁር አይታ ክው ብላ ነበር። "እህቱን ስጠይቃት አንድ ጆግ ውሃ አጠጥታዋለች። ያኔ የእርስዎ ሆድ ትዝ አለኝ። ሌላውን ቦታ ሁሉ አየሁ፤ ንጹሕ ነው። አዲስ አበባ ወሰድነው" አለች።

"የኔ ሆድ?"

"ምሳ መብላትዎን፣ ውሃ መጠጣትዎንም እኮ ሁላችንም አይተናል። መኪናው መስታወት አለው!" ብላ ሳቀች። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ስትወጣ "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ አብረን እንበላለን፤ ይምጡ" አለችኝ።

ልጁ ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ ገና አልነቃም። እኔም ምሳዬን አልበላሁም። ዘጠኝ ሰዓትን እየጠበቅኩ ነው።